እሺም እምቢም ላላሉን የቅበላ ኃላፊ

…ጋሼ ሰይፈሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ታላቁ እሳቸው ናቸውና ንግግሩን ሊከፍቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ የቢሮዎ ጸሐፊ ግቢውን ሊጎበኙ የመጡ መስሏት ለእያንዳንዳቸው ካርታ አደለቻቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው… ይቆይ። ሰላምታው ይቅደም።

የተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ፌርፋክስ ሰፈር ደህና ነን፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎናል። ይህን በአማርኛ የጻፍሁት አስተርጓሚ እስኪገኝ እርስዎም ጥቂት እንዲጠብቁ ነው።

ልጄ ራኬብ፣ ከተቀበላችኋት ሌላ ቦታ ላትሄድ ፈርማ፣ ከሌሎች ቀድማ ለእናንተ አመለከተች። በዲሴምበር አልተቀበላችኋትም፤ አልጣላችኋትምም። በማርች ከኋለኞቹ ጋር እንደገና ትታያለች አላችሁ። በእኛ ወግ ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ የልጅቷ ወላጆችም መጀመሪያ ቀን «እንማከር፣ ተመለሱ» ይላሉ። እኔም መልሳችሁ እንደዚያ ያለ መስሎኝ ሽማግሌ ላክሁ። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩. ለመማከር ጊዜ ስለወሰዳችሁ አመሰግናለሁ። ራኬብ እንዳስረዳችኝ ግን የምትጠብቁት የሚሻል ሰው እንዲመጣ ነው፤ ካልመጣ ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር እሷ አለች። እንዲህ የሚያደርጉ ወላጆች በእኛም አገር አሉ፤ ሰው ግን በደግ አያነሳቸውም።

፪. እናንተን ብቻ እንድትል ካስፈረማችኋት በኋላ፣ አሁን ነፃ ነሽ ብላችኋታል። ለነፃነቱ ምስጋናችን የላቀ ነው። የት ትሂድበት?

፫. አሁንም እንደምትፈልጋችሁ በደብዳቤ እንድትገልጽ ጋብዛችኋታል። ትጽፋለች፣ ታጠፋዋለች። በርባንክ ከተማ ካለው ሥራዬ ስገባ «እማ፣ ቱ መች ሆነ እንዴ? በዛ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የማያውቁትን ሰው ምን ያህል ቢወዱት ይበዛል?

፬. አራተኛውን ረሳሁት። ዝምታው ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ግን ደስ ብሏቸው ተመለሱ። በእትዬ እታለም ምግብ ቤት ተቀምጠው ጋሼ ሰይፈሥላሴ፣ «እምቢ አላሉም እኮ! ግቢውን ሁሉ አዞሩን። ሊሰጥ ያላሰበ ሰው ቤቱን ያሳያል?» አሉ።

እትዬ እታለም፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ውሃ እንኳ አቅርበውልዎታል?» ብለው ጠየቋቸው።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሳህናቸውን አዩ።

እስኪመቻችሁ ድረስ ባቆማችሁን ቦታ ቆሜ፣ ለትዕግሥት ትምህርታችሁ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የራኬብ እናት ሥርጉት ፍሬው

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ በዩኒቨርሲቲዎ እምቢ ማለትን የሚያስተምር ክፍል ካለ ቢመዘገቡ መልካም ነው። ቀድመው ያመልክቱ።

ይህን ስጽፍ ራኬብ ከኋላዬ ቆማ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን ፊደል ቀስ እያለች ስታነብ አላየኋትም። ሽማግሌ መላኬን አታውቅም ነበር።

«እማ… ሽማግሌዎቹ ስሜን ነግረዋቸዋል?»

ደብዳቤውን አጠፍሁት። ጃኬቷን አነሳች። በሩ ተዘጋ።