የቅርጫው ቢላዋ

ጳጉሜን 3

እምቢ አልኳቸው። ጎረቤታችን አያ ጥላሁን ሁለት ሰው አስከትሎ እህል መሸጫዬ ድረስ መጣና «ለእንቁጣጣሽ ቅርጫ ሥጋውን ደሳለኝ ይመድብልን» አለኝ።

ወንድሜ ደሳለኝ ከአእምሮ ሕክምና ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። ኪኒኑን አንድ ቀን አላጓደለም። ቢሆንም የቤቱን ቢላዋ ሁሉ የምቆልፍበት እኔ ነኝ።

«አዝናችሁለት ከሆነ ሌላ ሥራ ስጡት» አልኩ።

«የምን ማዘን! በፋሲካ የመደበልን ሰውዬ ጉበቱን የት እንዳደረሰው እግዜር ይወቅ። ድሮ ሲመድብልን እናውቀዋለን፤ የደሳለኝ መደብ እኮ ሚዛን ነው!»

ነጋዴ ነኝ፤ የምሩን የሚፈልግን ሰው ከዓይኑ አውቃለሁ። የምራቸውን ነው። ይኸው ነው የጨነቀኝ።

ጳጉሜን 4

የምፈራውን ልጻፈው። ከኪኒኑ የተነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደሙ ቢያስደነግጠውስ? ቢጮህስ? አምና ልብሱን ጥሎ በገበያ መሐል ሲሮጥ ጋቢ አልብሰው ያመጡልኝ እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው። ቢደገም ግን ማን ደጁን ይከፍትለታል?

ዛሬ ከጤና ጣቢያ ኪኒን የሚቀበልበት ቀን ነበር። ኪኒኑን የምትሰጠውን ሲስተር ለብቻዋ አግኝቼ ፍርሃቴን ነገርኳት።

«ታሞ ሳለ ሰው መትቶ ያውቃል?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የፈራሽው?»

የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳትና ወጣሁ። ገበያ ላይ እንዲህ ተረትቼ አላውቅም።

ጳጉሜን 5

ለደሳለኝ ነገርኩት፤ እምቢ ማለቴን ጭምር። መጉረሱን ተወ።

«እታለም፣ የምትፈሪኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው?»

አልዋሸሁትም። «አዎ» አልኩት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ አያ ጥላሁን ዘንድ ሄጄ «ይመድብ» አልኩ። ቤት ገብቼ ትልቁን ቢላዋ አውጥቼ ለደሳለኝ ሰጠሁት። ሌሎቹን ግን መልሼ ቆለፍኩ።

መስከረም 1

ከማለዳ ጀምሮ በሬው የታረደበት ግቢ አጥር ሥር ቆሜ እያንዳንዷን ቁርጥ አየሁ። ቀስ ብሎ ነው የሠራው፤ ሁለት ጊዜ ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን አሳረፈ። ማንም አላጣደፈውም። ሥጋው ቅጠል ላይ ተመደበ፣ ዕጣ ወጣ።

ድንገት አያ ጥላሁን ጮኸ፦ «አንተ ደሳለኝ! ይህ ሁሉ አጥንት ለእኔ ነው?»

አጥሩን ለቅቄ ወደ ደሳለኝ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«ከዕጣህ ጋር ተጣላ፣ አያ!» አለው ደሳለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ስምንት ወር ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሕመምተኛ ነበር የሚያነጋግሩት። ዛሬ ጮኹበት።

ለመስቀል ቅርጫም እንዲመድብላቸው ጠየቁት። ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እሺ አለ። ከአሁኑ ፈርቻለሁ፤ ግን እንደ ሰሞኑ አይደለም።