ቀዩ በሬ የሞተበት የጊፋታ ሳምንት

ሐሙስ

ቀዩ በሬ ሞቶ ነው ያደረው። ወንድሜ ማቴዎስ "አልሞተም፣ ትንፋሽ ነበረው" ይላል። ጓሮ ቀድሜ የወጣሁት ግን እኔ ነኝ። እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ አፍንጫው ላይ ደም አለ። ስጣራ ወንድሜ ቢላዋ ይዞ ሮጦ መጣና አንገቱ ላይ አሳረፈበት። ደሙ እንደ ሌላ ጊዜው አልፈናጠረም። ጠቁሮ፣ ቀጥኖ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ጓሮውን ሳጥብም ገና አልረጋም ነበር።

"ገመዱ አንቆት ነው" አለኝ። ገመዱ አንገቱ ላይ ላላ ብሎ ነበር። ሁለታችንም አይተነዋል።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሦስት ቀን ቀረው። አባባ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ዓመታችን ነው። ሥጋ ቤቱን ማቴዎስ ይዟል፣ ምግብ ቤቱን እኔና እማዬ። "ከአባታቸው በኋላ ቤቱ አይቆምም" የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ማቴዎስ ያውቃል፤ ከዓመት ዓመት ከእኛ ይወስዱ ከነበሩት አንዳንዶቹ ዘንድሮ ሌላ ቤት ሄደዋል። ቀዩን በሬ የሚጠብቁት አሥራ ሁለት ቤተሰቦች በቅርጫ ሊካፈሉት ነው። ጥቁሩ በሬ ለምግብ ቤቱ ነው፤ እሱ ደህና ቆሞ ሣሩን ይበላል።

አባባ ቄራ ሳይወስድ፣ ሐኪም ሳያይለት አንድም ከብት አርዶ አያውቅም። ይኼኛው ግን ጓሯችን ውስጥ ተገፈፈ።

የገፈፈው ጋሽ ባልቻ ነው። ከአባባ ጋር ያረጀ ሰው፣ እኔን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ። ሥራውን ሲጀምር ትንሽ ቆም ብሎ በሬውን አየው፤ ከዚያ ማቴዎስን አየው። መልሶም ወደ ሥራው አጎነበሰ። ጉበቱ እንደወጣ እንደ ልማዱ ቆረጥ አደረገና "አልሚ፣ እስቲ ዳታ አምጪልኝ" አለኝ። የመጀመሪያዋ ጉበት ምንጊዜም የእሱ ናት፤ ጥሬዋን በዳታ ካልበላት በዓል የመጣ አይመስለውም። እማዬ ትናንት የፈጨችውን፣ ገና ዝንጅብሉ የሚሸተውን የቃሪያ ዳታ በስኒ ወሰድኩለት።

"ጋሼ፣ አይብሉ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማቴዎስ ቀና ብሎ አየኝ። ስኒውን ሰጥቼ ተመለስኩ።

አርብ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀላቅሎብኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተር ሞገስ መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው። ከጎጃም ተመድቦ እኛ አገር ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ ሁልጊዜ ምሳውን እኛ ጋ ነው የሚበላው። አርብ ስለሆነ ሽሮ አዘዘ። ሳቀርብለት "አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሬ ገመድ ሲያንቀው በአፍንጫው ይደማል?" አልኩት። እንደ ዋዛ ነበር የጠየቅኩት። እሱ ግን ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው።

"ደሙ ረግቷል?"

"አልረጋም።"

"ሆዱስ?"

"ተነፍቶ ነበር።"

"አልማዝ፣ ሥጋው የት ነው ያለው?"

ጓዳ ተሰቅሎ ነበር። ማቴዎስ ከበር ላይ ሰምቶናል። "ምን እያወራሽ ነው አንቺ?" ብሎ ገባ። ዶክተሩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ "ማቴዎስ፣ ይሄ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰው ይገድላል። ማን ማን ነካው? ማን በላው?" አለው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ነበር፤ ስምንቱም እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። ሲበሉት የነበረው ሽሮና ጎመን ነው፣ ግን ማን ያምናል?

ማቴዎስ እኔን ብቻ ነው ያየው። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ጠዋት ላይ እኔ ሳላውቅ የሦስት ቤት የቅርጫ መደብ ልኮ ነበር። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ፦

የመምህር ጴጥሮስ ቤት። ሥጋው እንደታሰረ ነው። አመሰገኑኝ።

የአጎታችን ቤት። ሚስቱ አንድ ድስት ቀቅላ ነበር፣ ልጆቹ ገና ከጨዋታ አልተመለሱም። ድስቱን ከነሥጋው ወሰድኩባት። አለቀሰች።

የወይዘሮ ዳርምየለሽ ቤት። ለሙቹዋ፣ ለእኛ አገር ክትፎ፣ አድቅቃ ከትፋ፣ ቅቤው ቀልጦ፣ እንግዶቿ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። "አትንኩት!" ብዬ ጮህኩ። እብድ መሰልኳቸው። አንድ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ጎርሰው ነበርና ከእኔው ጋር ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው።

ስመለስ ሰዎች ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር። ሥጋው፣ ቆዳው፣ ቀንዱ፣ ሁሉም ገባ፤ ኖራ ተነሰነሰበት። ዶክተሩ ጥቁሩን በሬ ለብቻው አሰረውና መርፌ ወጋው፤ እንዳይታረድ ብሎናል። ሥጋ ቤቱም ምግብ ቤቱም ታሸገ።

እማዬ በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። ወንድምሽን በአገር ፊት ራቁቱን አቆምሽው ነው ነገሩ።

ቅዳሜ

ጤና ጣቢያ ለነካነው ሁሉ ኪኒን ይሰጣል። እኔና እማዬ ወሰድን። ነርሷ ስም ዝርዝሩን አየችና "ሁለት ሰው ይቀራል" አለችኝ። ማቴዎስና ጋሽ ባልቻ።

ማቴዎስ ክፍሉን ዘግቶ ተኝቷል። ኪኒኑን በሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ከሰዓት በኋላም ኪኒኑ እዚያው ነበር።

ጋሽ ባልቻ ቤት ሄድኩ። አጥሩን ለበዓል እያደሰ አገኘሁት። ባለቤቱ እትዬ አማረች እናቷን ልትጠይቅ ወደ ሃላሌ ሄዳ ገና መመለሷ ነው፣ እንሰት ትፍቃለች። ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀብኝ።

"ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት ጥሬ በልቻለሁ። ደሞ እጄን እይው፣ ምን ሆነ?"

"ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ባጃጁ ቆሟል።"

"በዓሉ ይለፍ። ዛሬ ብሄድ ሰው ምን ይላል? ባልቻ የገፈፈው በሬ የሞተ ነበር ይላል። የአባትሽን ቤት እኔ ነኝ እንዴ የማፈርሰው?"

እጁን ያዝኩት፣ ጎተትኩት። በቀስታ አስለቀቀኝ። የማቴዎስን ኪኒን ቢሰጡኝም የእሱን አልሰጡኝም ነበር፤ የበላ ሰው ከሆነ ተመልክተን ነው የምንሰጠው ብለውኛል። ነርሷ ራሷ እንድትመጣ ልለምናት ተመለስኩ። ነገ ከቸርች በኋላ እመጣለሁ አለችኝ።

መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች ቅቤ ተሸክመው ሲያልፉ "ያቺ ናት" ሲሉ ሰማሁ።

እሁድ፣ ጊፋታ

ከተማው ሁሉ ዱንጉዛ ለብሷል። ወጣቶቹ እየጨፈሩ በደጃችን ሲያልፉ "ዮዮ ጊፋታ!" ሲሉ ከውስጥ ሆነን ሰማን። በሌላው ዓመት በዚህ ሰዓት ደጃችን መቆሚያ አይገኝም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው አላንኳኳም። እማዬ ቆጮና ጎመን አቀረበች። ማቴዎስም ከክፍሉ ወጣ፣ ሦስታችንም ተቀመጥን።

ፀሐይ እያለ ጃኬት ለብሷል። በግራ እጁ ነው የሚበላው። ግራኝ አይደለም።

"እጅህን ምን ሆነህ ነው?"

"ትንኝ ነክሶኝ ነው።"

እማዬ ጎመኑን አስቀመጠችና ተነሳች። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዱ ላይ ቁስል አለ፣ መሃሉ ከሰል የመሰለ፣ ዙሪያው እስከ ክርኑ ያበጠ። "አያመኝም እኮ" አለ። ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ፤ ዶክተሩ አርብ ዕለት ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፣ የማያም ጥቁር ቁስል።

እኔ መጮህ ጀመርኩ። እማዬ አልጮኸችም። "ተነስ" አለችው። "እናቴ፣ ዛሬ በዓል ነው፣ ሰው ያየናል" አላት። "ይየን" አለች። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል፣ እሷ በአንድ ጎን እኔ በሌላ ጎን ይዘነው ወጣን። ሰዎች ከበሮውን አቁመው መንገድ ለቀቁልን።

ጤና ጣቢያ መርፌ ወጉትና ሪፈር ጻፉለት። ሶዶ ሆስፒታል ስንደርስ መሽቶ ነበር። መኪናው ውስጥ እማዬ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሌላ እጇ የእኔን እጅ ይዛ ነበር። ከአርብ ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሽ ባልቻን አላሰብኩትም። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ።

ሰኞ

ማቴዎስ ትኩሳት አለው። እብጠቱ ትከሻው ደርሷል። ሐኪሟ "በጊዜ ነው የመጣው፤ ግን ዛሬና ነገን እንይ" አለች።

ረፋድ ላይ ዶክተር ሞገስ ደወለ። ነርሷ ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ባልቻ ቤት ስትሄድ ሆዱን ይዞ ተኝቶ አገኘችው። ቤተሰቦቹ የበላው ነገር አልስማማው ብሎ ይሆናል ብለው ዳማ ከሴ አጠጥተውታል። ደም አስመለሰው። ጤና ጣቢያ ወስደው ግሉኮስ ሰክተውለት አደረ፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ሶዶ ሊያመጡት መኪና ውስጥ ሲያስገቡት ሕይወቱ አለፈ።

ስልኩን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እማዬ ከፊቴ አወቀችው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች፣ ማቴዎስ እንዳይሰማ።

ማክሰኞ

ለቀብር ብቻዬን ተመለስኩ።

ከተማችን ገሱባ በሙሉ ወጥቷል። የጋሽ ባልቻ ልጆች የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፣ ሌላ አዲስ ልብስ የላቸውም። ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ፣ ግን ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ከቀብር በኋላ እትዬ አማረች ጠራችኝ። አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ድምፅዋ አልቋል።

"አልማዝ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሐሙስ ጠዋት በሬውን ሞቶ አይተሽው ነበር?"

አላየሁም ልል እችል ነበር። ማቴዎስ ሶዶ ነው፣ ሌላ ያየ ሰው የለም።

"አይቼዋለሁ።"

"ሲበላስ?"

"ዳታውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ።"

"ባልቻም አይቶ ነበር ማለት ነው። ከብት ያውቃል" አለች። ከዚያ ፊቷን ከእኔ መለሰች። ሂጂ አላለችኝም፣ ተቀመጪም አላለችኝም። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ትናንት ወደ ሶዶ ተመለስኩ፤ መጻፍ ግን አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት የማቴዎስ ትኩሳት ወርዷል። እብጠቱ ከትከሻው ወደ ክርኑ ተመልሷል። ሐኪሟ "ክንዱ ይተርፋል፣ እሱም ይተርፋል" አለች። እማዬ መሬት ላይ ተንበርክካ አመሰገነች፤ የሌሎች ታማሚዎች ቤተሰቦችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት አሜን አሉ። ሥጋውን የጎረሱት ሽማግሌም ደህና ናቸው፣ ኪኒናቸውን እየወሰዱ ነው። ሌላ የታመመ የለም።

እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ማቴዎስ ጠየቀኝ።

"ጋሽ ባልቻስ?"

ሦስት ቀን ደብቀነው ነበር። ሐኪሟም አሁን አትንገሩት ብላ ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት በቃኝ። ነገርኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆሜ ነበር። ከቆይታ በኋላ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ትንፋሽ አልነበረውም" አለ። "በሬው። ቢላዋውን ሳሳርፍበት ሞቶ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ባልቻም ያውቅ ነበር። አየኝ እኮ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይተወው ነበር።"

"እኔም ብናገር ኖሮ" አልኩት።

ከሆስፒታል ስንወጣ ቤት ሳንገባ በቀጥታ እትዬ አማረች ጋ እንሂድ አለኝ። በልጆቿ ፊት ራሱ ሊናገር ይፈልጋል። ታስገባን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ታስገባን ይሆናል፣ ደጅ ላይ ታቆመን ይሆናል። አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። እማዬ ውሃውን ይዛ ስትገባ ሁለታችንም ስናለቅስ አገኘችን፣ ብርጭቆውን ሞልታ መጀመሪያ ለእሱ ከዚያ ለእኔ ሰጠች።

ሐኪሟ ቅዳሜ ልትለቀው ትችላለች።