አጥንትህ አልተሰበረም ነበር

ታዬ ሆዴ፣ ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሰው ሁሉ ጠንክሪ ይለኛል፤ እኔ ግን መጠንከሩ ራሱ ሰልችቶኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ልጃችን ሰላም አየር ጤና ሰፈር አንድ ሱቅ ተቀጥራለች፤ እንዳንተው ጫማዋን በር ላይ ጥላ ትገባለች፣ እኔም አንተን እቆጣህ እንደነበረው እቆጣታለሁ። አጎትህ ጋሼ ምትኩም ከእኛው ጋር ናቸው። ወለም ያለው የሰፈር ሰው ሁሉ አሁንም እሳቸው ጋ ይመጣል። የምጽፍልህም በእሳቸው ነገር ነው።

የምትሠራበት ጋራዥ ውስጥ ክሪኩ ከድቶ መኪናው ባትህን ተጭኖ ያቆሰለህ ለት ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ሳቅክብኝ። ወጌሻ አጎት እያለኝ ብለህ! ጋሼ የቁስሉን ዙሪያ በቅቤ አሹህ፣ በቀርከሃ አሰሩህ። በማግስቱ ህመሙ ከቁስሉ ጋር አልመጣጠን አለ፤ ጥርስህን ነክሰህ ዝም የምትለው ሰውዬ ጮህክ። ጋሼ ሲዳስሱህ ከቆዳህ ስር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። አጥንቱ ቦታውን እየያዘ ነው ብለው ደስ አላቸው፤ ማሰሪያውንም አጠበቁት።

ሆስፒታል ስንደርስ እግርህ ጠቁሮ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ሸትቶ ነበር። ሐኪሟ በጣቶቿ ጫን ስታደርገው ያው ድምፅ ተሰማ። ራጁን ስታሳየኝ አጥንትህ ድፍን ነው፤ ስጋህ ውስጥ ግን አየር ተበታትኗል። በቁስሉ የገባ ጀርም ስጋውን እየገደለ የሚያወጣው ጋዝ ነው አለችኝ። የፔኒሲሊን መርፌ ጀመሩልህ፤ ግን መድኃኒቱ ደም ወደማይደርስበት ስጋ ስለማይገባ የሞተው ሁሉ መቆረጥ ነበረበት። ከጭንህ ቆረጡህ። እግርህን በነጠላ ጠቅልለን ቀበርነው፤ ሳምንት ሳይሞላ አንተም ተከተልከው።

ጋሼ ለቅሶው ላይ፣ አጥንቱን አስገብቼው ሆስፒታል ገደለብኝ እያሉ ሲያለቅሱ እውነቱን ማንም አልነገራቸውም። ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ይነገራል?

ባለፈው ሳምንት ግን ጎረቤታችን አልማዝ እግሯ ላይ ድንጋይ ወድቆባት መጣች። ቆስሏል፣ አብጧል። ጋሼ ቀርከሃቸውን ሲያነሱ አላስችል አለኝ። ያ ድምፅ ምን እንደነበር፣ ራጁ ምን እንዳሳየ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሰሪያውን ብፈታው ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔንጃ አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

አልማዝን ራሳቸው ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ እህል እምቢ አሉ። በእሳቸው ተናድጄ ነበር ታዬ፣ አልዋሽህም። አሁን ለመናደድም አቅም የለኝም።

ዛሬ ምሳ ላይ ጠቅልዬ አቀረብኩላቸው። ድሮ እምቢ ሲሉኝ፣ ታዬ ይሙት እላቸውና ይጎርሱልኝ ነበር። ዛሬ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጉርሻውን እንደያዝኩ ጠበቅኳቸው፤ እያለቀሱ ጎረሱ። እስካለሁ አልረሳህም ታዬ፤ እሳቸውንም አጎርሳቸዋለሁ።