በክንድ ልክ የተሠራ ደጋን

ሐምሌ 28 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ልብስ አጥቤ የማሰጣበት አጣሁ። ምድጃው ዙሪያ ሰቀልኩት፤ ቤቱ እርጥብ ቁምጣ ቁምጣ ይሸታል። ልጄ ድርቤ የአምና ደብተሯን ሰጠችኝ፣ ከኋላ ሃያ ቅጠል ያህል ባዶ አለው። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ለደብዳቤ እንኳ ሳልጠቀምበት… እስቲ ለራሴ ልጻፍ።

ከሰዓት ስብሰባ ተጠራን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞረዳ ቆሞ አነበበ። ከየቤቱ ሦስት ኩንታል በቆሎ፣ ለመንግሥት ኮታ። «አምና ያጎደለ ዘንድሮም ካጎደለ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል።» ሲያነብ ወደኛ አላየም። ባያይስ! አምና ያጎደልነው እኛ ነን። የዱር አሳማ ግማሹን በልቶብን፣ በሬያችንን ሸጠን ከገበያ ገዝተን፣ ያውም አንድ ኩንታል ጎደለ። ዘንድሮ የሚሸጥ በሬ የለም።

አባ ድርቤ ስንመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባሌ ዝም ሲል እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ። ዛሬ ግን እኔም አጣሁ።

ሐምሌ 30

መጡ። አሳማዎቹ ከወንዙ በኩል ሁለት መደዳ በቆሎ ገልብጠው ሄደዋል። ገና እሸት እንኳ ሳይሆን!

ጠመንጃው በነበረ ጊዜ አንዴ ከተተኮሰ ለወር አይመለሱም ነበር። በ70 ዓ.ም. አባ ድርቤ ለማኅበሩ አስረከበው። ውሻችንንም አምና አሳማ ዘነጠለው። «ጦርስ?» ስለው ፊቱን አዞረ።

ነሐሴ 2፣ ቅዳሜ

እንቁላልና ጎመን ይዤ የቆላውን ገበያ ወረድኩ። ከዲዴሳ በኩል የሚመጡት ጉሙዞች ማር ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ ትከሻው ላይ ደጋን አንግቷል። ሽመል ነው፣ በጅማት የተወጠረ፣ ቁመቱ እኔን ያክላል። ቆሜ ቀረሁ… ድምፅ የለው፣ ጥይት አይፈልግ።

ባቻ ይባላል። ኦሮምኛው ከኔ ይሻላል።

«ይሸጣል?»

«ይሄ የኔ ክንድ ነው። ለሌላ ሰው አይሆንም።»

«እንግዲያው ሌላ ሥራልኝ።»

«ለማን?»

«ለባለቤቴ።»

«ይምጣ። ክንዱን ልይ፣ ሲስብ ልይ። ሳላይ ሽመል አልቆርጥም።»

ዋጋው አንዲት ፍየል፣ ጨው፣ ለፍላጻዎቹ ጫፍ የሚሆን ያረጀ ማረሻ። ጨው አላጣም። ማረሻውም ጓሮ ወድቋል። ፍየል… ፍየል ያላት ድርቤ ናት።

ነሐሴ 3

ነገርኩት። ምነው ባልነገርኩት።

«ደጋን? እኔ?»

«አዎ አንተ። ሌላ ማን አለኝ?»

«ጎሽ የገደለ ሰው ቆላ ወርዶ እንደ ልጅ ክንዱን ይለካል?»

«ክንድ መለካት ምን ነውር አለው? ልብስ ሰፊ አይለካህም?»

«በቃ አልኩሽ!» ብሎ ወጣ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኗል። ኩራት ነው እላለሁ። ኩራት ይበላል እንዴ? መሬቱ ከሄደ የት ልንገባ ነው? ነቀምቴ ወጥቼ የሰው ልብስ ላጥብ? እሱስ በዚህ ዕድሜው የማን ዘበኛ ይሆናል?

ነሐሴ 7

ድርቤን ለመንኳት። አክስቷ የሰጠቻት ግልገል ናት። አሳድጋ ለመስከረም ዩኒፎርም ልትገዛባት ነበር።

«እማ፣ ዩኒፎርሜስ?»

«የአምናውን ጫፉን እፈታልሻለሁ።»

«ጉልበቴ ላይ ነው’ኮ የቀረው!»

«ጉልበት ያለው ሰው ምን ያፍራል?» ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም። ግን ገመዱን ራሷ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ምንጭ ሄደች፣ እንስራውን ሳትይዝ።

ነሐሴ 8

ምሳ በልቶ ጋደም ሲል በክር ለካሁት። ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ አንድ ቋጠሮ። ከክርኑ እስከ አንጓው ሌላ ቋጠሮ። ትከሻው ላይ ክሩን ሳሳርፍ በእንቅልፉ ሽምቅቅ አለ፣ ጥርሱን ነከሰ። እጄ ቀዝቅዞ ይሆናል…

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ፍየሏን እየጎተትኩ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ስትጮህብኝ።

ባቻ ክሩን በጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ሰውየው የታለ?»

«ታሟል።» ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ክር ይስባል?» አለኝ። አብረውት የነበሩት ሳቁ።

ኮታውን ነገርኩት፣ መሬቱን፣ አሳማውን፣ የተሸጠውን በሬ… አፌ አንዴ ከተከፈተ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። «ለማናውቀው እጅ ደጋን አንሰጥም። ነገ ወደኛ ይዞርብናል» አለ። ምን ልበለው? የድሮ ሰዎች ከደጋ እየወረዱ በባሪያ ፍንገላ የሠሩባቸውን ማን አጣው? በድርቤ ማልኩለት። ለአሳማ ብቻ ነው ብዬ።

ክሩን ጠቅልሎ ያዘ። «በክሩ ልክ እሠራለሁ። ላይሆን ይችላል። ባይሆን ፍየሏ አትመለስም። በሦስተኛው ቅዳሜ ነይ።»

ነሐሴ 18

ይህ አፌ! ምንጭ ላይ ለጎረቤቴ ለቀለሟ ብቻ ነበር የነገርኳት። ዛሬ ማኅበሩ ቢሮ ተጠራሁ። ሊጡን ትቼ ሄድኩ።

«አዴ ሸዋጌጥ፣ ባልሽ ጨመዳ መሣሪያ እያሠራ ነው ይባላል» አለ ሞረዳ።

«ለአሳማ ነው ጓድ ሊቀመንበር። እንጨትና ጅማት ነው።»

«መሣሪያ መሣሪያ ነው።» እስክሪብቶውን አነሳ። አሁን ጻፈ፣ አሁን ወሰዱት እያልኩ በዓይኔ ተከተልኩት። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ፈገግ አለ። «ደግሞስ ማን ሊስበው?» አጠገቡ ያሉት አብዮት ጥበቃዎችም ሳቁ። አርጅቷል ማለቱ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ሃምሳ እንኳ ያልሞላውን ሰው!

«እርሻችሁ ውስጥ ከሆነ እኔ አላየሁም። መንገድ ላይ ከተያዘ ግን አላውቃችሁም» አለኝ።

ታዲያ ክንፍ አውጥቶ ይመጣል እንዴ?

ነሐሴ 30፣ ቅዳሜ

ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፈው። 

ደጋኑ አልቆ ነበር። ልስልስ ያለ፣ ቀለሙ ማር የመሰለ። ስድስት ፍላጻ። ባቻ ጅማቱን ፈታልኝ፤ ሲፈታ ደጋኑ ቀና ብሎ ተራ ሽመል መሰለ። ለአጥር የሚሆን ሽመል በጨው ለወጥኩና መሃሉ ከትቼ ጠፍሬ ተሸከምኩ። ፍላጻዎቹን በቀሚሴ ውስጥ ወገቤ ላይ።

ድልድዩ ላይ አብዮት ጥበቃ ቆሟል፣ ሁለት ናቸው። «አውርጂ» አለ አንዱ። ወረደ። በጠመንጃው አፍ ሸክሙን ገፋ ገፋ አደረገ። «ለምንድነው?»

«ለአጥር ልጄ። ቦዬ፣ አሳማው ጨረሰን’ኮ።»

«ቦዬ በአጥር ይመለሳል?»

«ታዲያ አንተ ና ጠብቅልኝ፣ እሸት ጠብሼ አበላሃለሁ።»

ያኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ… የፍላጻው ጫፍ ጎኔን እየበሳኝ። መልሰው አሸከሙኝ። አሸከሙኝ! «በርቺ እናቴ» ብለው።

ቤት ስደርስ ቀሚሴ ደም ነክቶታል።

መስከረም 1

እንኳን አደረሰን። ደጋኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አየው። በእጁም አልነካው።

አሳማዎቹ ትናንት አራት መደዳ።

መስከረም 4

አመድ ልደፋ ከቤት ኋላ ዞርኩ። አየሁት። ጅማቱን ወጥሮ ደጋኑን በግራው ይዟል። ቀኙን ወደ ጅማቱ ሰደደ። ክንዱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንደገና። ቆመ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

ዞሮ አየኝ። «እንግዲህ እወቂው» አለ።

ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ነገረኝ… በ70፣ ጠመንጃውን ካስረከበ በኋላ የታሰረው አሥራ አንድ ቀን። «ሁለተኛ ጠመንጃ አለህ፣ አምጣ።» አልነበረውም። እጁን ወደ ኋላ አስረው ሰቀሉት። ሲያወርዱት ትከሻው ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ ጠመንጃ አለው ብሎ የጠቆመው ሞረዳ ነው። ለዚህ ነበር የሳቀው! «ማን ሊስበው…»

ሲፈታ «ቁርጥማት ነው» አለኝ፤ አመንኩ። ሦስት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ! በግራ እጁ ሲፈልጥ እያየሁ፣ ሽማግሌ ሆንክብኝ እያልኩ ስቀልድበት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ለቀለሟ ትነግሪያታለሽ። ቀለሟ ለሰፈሩ። ከዚያ እንደገና ይወስዱኛል።»

አመዱን ሳልደፋ ይዤው ገባሁ። 

መስከረም 10

ትናንት ገበያ ወርጄ ባሌ ያልታመመ፣ ግን ክንዱ የማይስብ መሆኑን ለባቻ ተናዘዝኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢላዋውን ይዞ አብሮኝ መጣ፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ወንድሙ ቤት አድሮ ዛሬ በማለዳ በራችን ላይ ቆመ።

አባ ድርቤ ከመደቡ አልተነሳም። ባቻ ቁጢጥ ብሎ ትከሻውን በሁለት ጣቱ ዳበሰው። «ምን አገኘህ?»

«ወደቅሁ።»

«እንዲህ አይወደቅም» አለ ባቻ። ሌላ አልጠየቀም። ወደኔ ዞረ። «ክንድሽን ስጪኝ።»

«የኔን? የኔን ምን ሊያደርግልህ?»

«ማጭድ ይዘሽ የለ? እንስራ ትሸከሚ የለ?»

ድርቤ ፍየሏ ከሄደች ወዲህ ዛሬ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይሄ ሰው እየቀለደ አልነበረም። ደጋኑን አሳጠረው፣ ሆዱን ፋቀው፣ አስሳበኝ፣ እንደገና ፋቀው። ግማሽ ቀን ፈጀ። እያንዳንዱ ፍቅፋቂ ሲወድቅ የአባ ድርቤን ፊት ፈርቼ አላየሁም። ሲያልቅ ጅማቱ ጡቴ ጋ ደረሰልኝ።

የድካሙን ዋጋ ስጠይቀው «እናንተ አሳማ አትበሉም አይደል? የመጀመሪያው ለኔ» አለ።

ከሄደ በኋላ አባ ድርቤ ደጋኑን አንስቶ አየው። «ግራ እግርሽን አስቀድሚ» አለኝ። ይኸው ነው።

መስከረም 22

ጣቴ ተልጧል። የሙዝ ግንድ እወጋለሁ። ከአሥሩ ሦስት… ዛሬ አምስት።

እርሻው ዳር ያለው የጥበቃ ማማ ላይ ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን። እሱ ነፋሱን ያያል፣ ዱካውን ያነባል።

«ዝም በይ» ይለኛል።

«ምንም አላልኩም’ኮ!»

«ልትዪ ነበር።»

ልክ ነው። ልል ነበር።

በሹክሹክታ ያስተምረኛል። አሳማ ሰውን ከየት እንደሚያሸት፣ መጀመሪያ የምትወጣው ሴቷ መሆኗን፣ ከፊት እግር ኋላ የት ላይ እንደሚወጋ። ጎሹን እንዴት እንደገደለም ዛሬ ገና ነገረኝ። ሃያ ዓመት ተጋብተን! እኔ ዝም ስል ነው ለካ የሚያወራው።

ጥቅምት 6

ሰባት ሆነው ወጡ። በቆሎው ደርቋል፤ ዛሬ ከገቡ ኮታውም መሬቱም አለቀ።  

ሳብኩ። «ቆዪ» አለ ጆሮዬ ላይ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ቆዪ…» አይሆንልኝም ልል ነው፣ አልቻልኩም ልል ነው… «አሁን።»

ጩኸቷ! በቆሎው እየተሰበረ ወደ ወንዙ ሄዱ። ልወርድ ስል ቀሚሴን ያዘኝ። «የቆሰለ አሳማ ይገድልሻል። ቁጭ በይ።» ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ተቀመጥን። ወንዙ ዳር ወድቃ አገኘናት።

አስታወከኝ። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ፍላጻውን በግራ እጁ ነቅሎ በሣር ጠርጎ ሰጠኝ።

ጥቅምት 8

ባቻ የላክሁበት ዕለት ማታውኑ ከልጆቹ ጋር መጥቶ ነበር፤ ሥጋውን ጠብሶ አድርቆ ዛሬ ወሰደ። ወንዙ ዳር ስለታረደች የቀሩት በዚያ አይመለሱም አለ። ይሁንለት።

ኅዳር 25

ዛሬ የኮታ ቀን ነበር።

ሰልፉ ረዥም፣ አርባ ሰው ይሆናል። ሞረዳ ሚዛኑ ጋ ወንበር ላይ። የኛ ሦስት ኩንታል ተመዘነ። «ሙሉ» ብሎ ጻፈ። ቤት ሌላ አራት አለን። መሬታችን የኛ ነው። እንሂድ ብዬ የአባ ድርቤን ክንድ ስነካ ሞረዳ ቀና አለና ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ፦

«ጨመዳ! ደጋኑን ማን ሳበው ታዲያ?»

የሚስቁት ሳቁ።

«ሚስቴ» አለ አባ ድርቤ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነው። «የኔ ክንድ ከደረቴ አያልፍም። ከምን እንደሆነ አንተ ንገራቸው። ሁለተኛ ጠመንጃ አለው ብለህ የጠቆምከው አንተ አይደለህ?»

ሳቁ ቆመ።  አብዮት ጥበቃው ሞረዳን አየ፣ ሞረዳ ወረቀቱን። ኦቦ ተረፋ ነበሩ ተከታዩ፣ ጆንያቸውን ይዘው።

«ቀጣይ» አለ ሞረዳ።

ኦቦ ተረፋ አልተነቃነቁም። ከኋላቸው ያሉትም።

«ቀጣይ አልኩ’ኮ!»

ማንም። ስንት ጊዜ እንደቆምን እንጃ። በመጨረሻ ኦቦ ተረፋ ጆንያቸውን አነሱ፤ ግን አባ ድርቤ ፊት ሲደርሱ ቆም ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ሚዛኑ።

ቤት መጥተን በሩን ልዘጋ ስል «ተይው» አለኝ። ሸሚዙን አውልቆ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው እያየ። «ትከሻዬን ቅቤ እሺልኝ።»

እያሸሁ መንገዱን አያለሁ። ይመጡ ይሆን? እስካሁን ማንም አልመጣም።

ቀለሟ መጣች፣ እየሮጠች። «ውይ ሸዋዬ! ምንድነው የሰማሁት? ንገሪኝ እስቲ፣ ሞቼ ነው!»

አፌ ሊከፈት ነበር። «ራሱን ጠይቂው» አልኳት።

«ቁጭ በይ ቀለሟ» አላት አባ ድርቤ። ከታሰረበት ቀን ጀመረላት። እኔ ቅቤውን እያሸሁ ዝም አልኩ።