ላስቲኩ እስኪወድቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ታሰረልኝ! አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ቢላዋ ነው ብዬ ስንት ቀን ስጨነቅ! ሐኪሙ በጎኔ አስተኝቶ ትንሽ ቱቦ አስገባ፣ ኪንታሮቱ ሥር ትንሽዬ ላስቲክ አጠለቀ፣ አለቀ። ደም ሲያጣ ይደርቃል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ከነላስቲኩ ይወድቃል አለኝ። ስንት ዓመት ለሰው ቀሚስ ላስቲክ ስሰፋ ኖሬ ለእኔም ደረሰኝ።

ባለፈው ወር እዚያው ክሊኒክ ሄጄ አፍሬ «ወገቤን ነው» አልኩ። የወገብ ቅባት ይዤ ተመለስኩ። ጅል!

አማን ካለው ክሊኒክ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ ላይ መቀመጥ? ሞቼ ልገኝ! ይከብደኛል፣ ሽንት ቤት ሂጂ ሂጂ ይለኛል። ስሜቱ ነው፣ በሁለት ቀን ይተውሻል ብለውኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ባሌ ታምራት ዛሬም አልደወለም። ቴፒ ቡና እርሻ ላይ የመፈልፈያው መካኒክ ነው፤ ለቀማው እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሦስት ወር ቀረሁ። በዚህ ሕመም ያ ጉድጓዳም መንገድ አይታሰብም። ሕመሙን ደብቄ «ስፌት በዝቶብኝ» እያልኩ ዋሸሁት። መጨረሻ ላይ «ይሁን፣ ስፌትሽን ስፊ» ብሎ ዘጋው። ሁለት ሳምንት ሆነው።

ናፈቀኝ። ሸሚዙ ላይ ያለው የግራሶ ሽታ ሳይቀር ናፈቀኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ካልበላሁ ሽንት ቤት አልሄድም ብዬ ነው። ብልጠቴ! ዛሬ ደንበኛ እየለካሁ አዞረኝና የክሊኒኩ ሲስተር ጋ ሄድኩ። ጮኸችብኝ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ሆድሽ ሲደርቅ እኮ ነው የሚብስብሽ!» ጎመን፣ ፓፓያ፣ ብዙ ውሃ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ። ማማጥ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ሲወድቅ ትንሽ ደም ያለ ነው፤ ከበዛ፣ ካተኮሰኝ ወይም ሽንት እምቢ ካለኝ ግን ቶሎ መሄድ።

አንድ ፓፓያ ሙሉውን በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ወጣልኝ! ተመስገን ጌታዬ። እንባዬ መጣ፣ ግን የፈራሁትን ያህል አይደለም።

ከቡና ለቃሚዎቹ መሃል ስንት ቆንጆ አለች። ዛሬ ይሄን ሳስብ ዋልኩ፣ የሰው ቀሚስ አጣምሜ ሰፋሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 10

ራሴ ደወልኩ። «ታሜ፣ ኪንታሮት ይዞኝ ነው የቀረሁት» አልኩት፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔ እኮ ጠላችኝ ብዬ... እኔ ጋ የነበረውን ዕቃሽን እንዲያመጣልሽ ዛሬ ጠዋት ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁት።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ እሱም አልዘጋውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

መናኸሪያ ሄድኩ። ሹፌሩ ሻንጣዬን አወረደው። ዚፑን ብከፍት ቀሚሶቼን አጥቦ፣ አጣጥፎ ነው የላከው። ተናዶም ያጥባል እንዴ ሰው!

መልሼ ዘጋሁት። «ቴፒ ስትመለስ ለሰጠህ ሰውዬ መልስልኝ» አልኩት።

«ምነው እህቴ፣ ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው። ሐኪሙ መንገድ ሲፈቅድላት የሻንጣው ባለቤት ትከተላለች በለው።»

ሻንጣው ተመልሶ ተጫነ። ከኔ ቀድሞ ታሜን ሊያየው ነው። ቀናሁበት።