የአባትሽ ካፖርት

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እህትሽም በሰላም ተገላግላለች።

እሑድ አባትሽ ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ ሄደ። ቄሱ ከአፈር ስለተበጀው አዳምና ከጎኑ ስለተገኘችው ሔዋን አስተማሩ። በድለው ከገነት ሲወጡ እግዚአብሔር ልብስ አልብሶ እንደሸኛቸው፣ ኋላም ራሱ ሊፈልጋቸው እንደመጣ ነገሩን። አባትሽ አንገቱን ደፋ። ቤት ስንገባ፣ «እኔ ግን ልጄን በለበሰችው ብቻ አስወጣኋት» ብሎ አለቀሰ። ካባረረሽ ወዲህ ስላንቺ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ካፖርት ይሰፋልሽ ጀመር። ትከሻው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበና፣ «አሁን ልኳን አላውቀውም» አለኝ።

በሞቴ፣ ልክሽን ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ደውለሽ ንገሪው። ልብሽን የፈጠረ እሱ ያራራው።

እናትሽ