ሰው ያልቆመበት መስመር

ዓርብ፣ ጥር 18 ቀን 1999፣ ጅግጅጋ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የፈረስ ውድድሩ ተካሄደ። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ሜዳችን አጥር ኖሮት አያውቅም፤ መንገዱን የሚሠራው ግራና ቀኝ የሚቆመው ሕዝብ ነው። ዛሬ የመጣው ሰው ግን መነሻውንና መድረሻውን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ሌላው ጫቱን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል። የሐጂ ዩሱፍ ፈረስ ሁሉንም እየመራ ሳለ ሰው ከሌለበት መሀል ላይ ወደ ኩሬው ታጠፈ። ጋላቢው ታግሎ መለሰው፤ እንዲያም ሆኖ ቀድሞ ገባ።

ከመስመር ወጥቷል ብዬ ሰረዝኩት።

ሐጂ ዱላቸውን እየጎተቱ መጡ።

«መምህር፣ የቱ መስመር? እስቲ አሳየኝ።»

«ደንቡን እርስዎም ያውቁታል፣ ሐጂ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ፈረሱ ግን የሚያውቀው ሰው ነው። ወላሂ፣ ሰው የቆመበትን አልጣሰም።»

አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ተማሪዎችዎን ያሰልፉልና!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ስለቀረ ደንብ አይቀርም ብዬ ጮህኩ።

ሐጂ ኮርቻውን እዚያው አወረዱ። «ሰኞ ጋሪ ላይ አስረዋለሁ። ጋሪ እንኳ መንገድ አለው» ብለው ፈረሱን እየሳቡ ሄዱ። ያን የመሰለ ፈረስ!

ቤት ገብቼ ደንቡን አወጣሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። «ተመልካች ከቆመበት መስመር የወጣ ፈረስ ይሰረዛል» ይላል። ተመልካች ካልቆመ ምን እንደሚደረግ አይልም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስባል?

ከሰኞ በፊት ሐጂ ቤት መሄድ አለብኝ። ተሳስቻለሁ ማለት አልችልበትም።